ባዶ ነው ያልኩት ቀፎ

እኔ እንጨት በአፍንጫዬ የምለይ ሰው ነኝ። ዓይኔን ሸፍናችሁ የዋንዛ፣ የጥድና የቀረሮ ሰጋቱራ በየተራ ብታቀርቡልኝ አንዱንም አልስትም። ጅማ መርካቶ፣ ከእህል ተራው ጀርባ ባለችው ሱቄ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ መላጊያ ስገፋ ያተረፍኩት ሙያ ይኸው ነው። አንድ ሽታ ግን አለ፤ እሱ ሲመጣብኝ ሥራዬን አቁሜ ወደ ውጪ እወጣለሁ። የበሰለ ሙዝ ሽታ ነው። ቤቴ ሙዝ አይገባም። ልጆቼ ካማራቸው ጎረቤት ሄደው ይበላሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሆዴን ያመኛል እያልኩ ስሸውዳቸው ኖሬ፣ ዘንድሮ ትልቋ አላምን ስትለኝ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ለእሷ ከነገርኩ ለእናንተ የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

ያሲን እባላለሁ። በዚያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እጄ ጥሩ ነው፤ ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ችግሩ እኔም መስማቴ ነበር። ምስጋና ሲበዛ ሰውን ያሳብጣል፤ እኔንም አሳብጦኝ ነበር። አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ሴት ልጁን ሊድር ሲል መጣና አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑንና የምግብ ጠረጴዛውን በሙሉ ከቀረሮ እንድሠራለት አዘዘኝ። «ቀለሙ እንዳይለያይ ከአንድ ግንድ ይውጣልኝ» አለ። ጨዋ አናጢ ቢሆን «እንዲህ ያለ ግንድ በሕጋዊ መንገድ አይገኝም» ብሎ ይመልሰው ነበር። እኔ «አሳምሬ!» አልኩት።

ረሺድ የሚባል በሞተር መጋዝ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ። «አንድ ቀረሮ አይቼልሃለሁ» አለኝ፣ «ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም።»

በበጋው መጨረሻ ላይ ዛፉን ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው መንገድ ተጉዘን ከመኪና ወረድን፤ ከዚያ በቡና ሥር እየሾለክን ሽቅብ አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ዛፉን ሳየው አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ቀረሁ። ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው ግንድ ነው። በሐሳቤ ወዲያው ሳንቃ አድርጌ ሰነጣጠቅኩት። ከላይ፣ ግንዱ ቅርንጫፍ ማውጣት በሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ ረዥም የሐረግ ቀፎ ተጋድሟል።

ገና እጄን ግንዱ ላይ እንዳሳረፍኩ ፊሽካ ተነፋ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም። ከቁልቁለቱ በኩል ከሲታ ሰውዬ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ቢሆን ነው። ያደረጉት የላስቲክ ቦት ጫማ በብስክሌት ጎማ ተለጥፏል፤ የካፖርታቸው ቁልፎች ረግፈው አልቀዋል። ጠመንጃ የላቸውም፤ ከከዘራና በአንገታቸው ካንጠለጠሉት ፊሽካ በቀር ሌላ መሣሪያ አልያዙም። የጫካው ጠባቂ አባ ኦሊ ናቸው። የአካባቢው ሰው ግን በሐሜት ስማቸውን «አባ ፊሽካ» ብሎታል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። «ዛፍ እያያችሁ ነው ወይስ መንገድ ጠፍቷችሁ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ዛፍ ማየት ተከለከለ እንዴ?» አልኩ።

«ማየትማ ሐላል ነው።»

ረሺድ ጣልቃ ገባ። «አባ ኦሊ፣ ይኼኮ ያረጀ ዛፍ ነው። ዛሬ ነገ ራሱ ይወድቃል።»

«ለኪ!» አሉ፤ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። «እኔም አርጅቻለሁ፤ አንተ መጥተህ ትጥለኛለህ ማለት ግን አይደለም።» ከዚያ በከዘራቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «ደግሞ ንብ አለበት።»

በዚያ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ አይነካም። የመሬቱ ባለቤት እንኳ ቢሆን ቀፎ ካለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ አያሳርፍም። የሌላውን ሰው ቤት በላዩ ላይ ማፍረስ ነውና ነውር ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ጫፉ ላይ አንዲት ንብ ስትዞር አላየሁም። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ ቀፎውን አገኘው። እንደ ባዶ ከበሮ ጮኸ።

«ንቦችህ ጁምዓ ሄደዋል መሰለኝ» አልኳቸው። አንተ ነበር ያልኳቸው። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው አንተ እያልኩ ነው ያላገጥኩባቸው። ዛሬ አንቱ የምላቸው ዘግይቼ ነው።

አባ ኦሊ ሐሰታቸው እንደተያዘ ሰው አቀርቅረው ፈገግ አሉ። «ንብ ባይኖረውም ቀፎ ቀፎ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ስንመለስ ረሺድ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰውዬው መጋዝ ያነጣጠረበትን ዛፍ በሰሙ ቁጥር በገዛ እጃቸው ቀፎ ይጎነጉናሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው በገመድ ወጥተው ይሰቅሉበታል። አብዛኛው ባዶ ነው። «ያለ ጠመንጃ ምን ያድርግ ብለህ ነው?» አለኝ። የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ግንድ ሲጥል ይዘው ለሕግ አቅርበውታል። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የሚጠራቸው ዘመድ የለም። አንድ ቀን ማታ ሲመለሱ ላማቸው እግሯ በቆንጨራ ተቆርጦ ጠበቀቻቸው። ማን እንዳደረገው ያውቃሉ ይባላል፤ ግን ስሙን አንስተው አያውቁም። ፊሽካቸው በተሰማበት በኩል ማገዶ የለቀመች ሴት ሸክሟን ጥላ ትሮጣለች፣ መጥረቢያ የያዘ ይደበቃል፣ ምንም ያልያዘም ለምስክርነት እንዳይጠራ መንገድ ይቀይራል። ረሺድ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ነበር የሚነግረኝ፣ እኔም እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን ተመለስን። ዓርብን የመረጥነው አስበንበት ነው። መስጊዱ ከጫካው ሩቅ ስለሆነ አባ ኦሊ ዓርብ ጠዋት ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። አይሱዙው ሾፌሩን ይዞ መንገድ ዳር ቀረ፤ እኔና ረሺድ ወጣን። በመሐሉ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ጫካው በጭጋግ ተውጦ የዛፉ አናት አይታይም፤ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ነበረብኝ። አየሩ ውስጥ የአበባ ሽታ ነበር። እንጨት በአፍንጫዬ የምለይ ሰው ነኝና ሸተተኝ፤ ግን ገተማ የሚባለው የማር ዛፍ አብቧል ማለት ንብ መጥቷል ማለት መሆኑን አላሰብኩም። ለማንኛውም ብዬ ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ጸጥ ያለ ነው። ንብ በብርድና በጭጋግ እንደማይወጣ ያልሰማሁ አይደለሁም፤ ያኔ ግን ትዝ አላለኝም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ረሺድ መጋዙን አስነሳ። ብዙም ሳይቆይ ከታች ከሩቅ ፊሽካው ተሰማ።

«ጁምዓ አልሄደም እንዴ?» አልኩ።

«ይንፋ! እስኪደርስ እንጨርሳለን» አለ ረሺድ።

ፊሽካው እየቀረበ መጣ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም፣ ደግሞ ሁለቴ አጭር። ዛፉ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አባ ኦሊ ከጭጋጉ ውስጥ እየሮጡ ወጡ። የመጀመሪያ ቀን ያየኋቸው ሰው አይመስሉም። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ጀለቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል። ወደ መስጊድ ሲወርዱ የመጋዙን ድምፅ ሰምተው ከመንገድ ነው የተመለሱት።

«ከኒሳ! ከኒሳ!» እያሉ እጃቸውን አወናጨፉ። ንብ ማለታቸው ነው። «አቁሙ! ንብ ገብቶበታል! በዚህ ሳምንት ነው የገባው፣ ወላሂ!»

ረሺድ መጋዙን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ተመለከተ። አስታውሱልኝ፤ ረሺድ መጋዙን አቁሞ ነበር። ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ የሚታዘዘውም እኔን ነው። አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም እዚያው ላይ ይቆም ነበር።

«ያ ዘዴህ አረጀ» አልኳቸው እየሳቅኩ። ለረሺድም «ቀጥል» አልኩት።

ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ነዘረኝ። የሚወድቅበትን አቅጣጫ አውቄ ፈቀቅ ብዬ ነበር፤ ሲወርድ ግን የጎረቤቱን ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ አመጣ፣ እሱ ቁርጭምጭሚቴን መሬት ላይ ቸነከረው። ጮህኩ። ከዚያ ከራሴ ጩኸት በላይ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቀፎው ግንዱ ሥር ተፈርክሶ ነበር፤ ከውስጡ የሚወጣው ነገር ጭጋጉን አጠቆረው።

ረሺድ መጋዙን ጥሎ ሮጠ። ስሙን እየጠራሁ ለመንኩት። ዞር ብሎ አላየኝም።

ፊቴን፣ ጆሮዬን፣ ከንፈሬን ነደፉኝ። እነሆ ያኔ ነው የሙዙ ሽታ የመጣው። ንብ ሲነድፍ የበሰለ ሙዝ ይሸታል፤ ሌሎቹንም የሚጠራቸው ይኸው ሽታ ነው አሉ። አባ ኦሊ እኔ ካለሁበት ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው ነበር። ዞረው ቢሮጡ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን ወደ እኔ መጡ። ጋቢያቸውን ፈትተው ከራሴ እስከ ወገቤ ሸፈኑኝ።

«አፍህን ግጠም። አትንቀሳቀስ» አሉኝ።

በጋቢው ሥር ሆኜ አላያቸውም፤ የምሰማው ብቻ ነው። ሲያቃስቱ እሰማለሁ፣ አጣና ሲፈልጉ ቅጠል ሲረግጡ እሰማለሁ። አጣናውን ከቅርንጫፉ ሥር ከተቱትና ማንሳት ጀመሩ። «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ያነሳሉ፣ ያዳልጣቸዋል። እንደገና «ቢስሚላህ»። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ እግሬ ሲለቀቅ ብብቴን ይዘው ቁልቁል ወደ ወንዙ ጎተቱኝ። ጋቢውን አንድም ጊዜ ከላዬ አላነሱትም።

ውሃው ውስጥ ስንገባና ንቦቹ ሲሳሱ ጋቢውን ገለጥኩ። ያየሁትን ሁሉ አልነግራችሁም። ነጩ ጀለቢያ በንብ ጠቁሯል፤ ዓይኖቻቸው ሊከደኑ ነው፤ አንገታቸው ከአገጫቸው ጋር አንድ ሆኗል። በዚያ ሁኔታቸው ግን ተቀምጠው መጀመሪያ የነቀሉት ከእኔ ፊት ላይ ያለውን እሾህ ነበር። ጥፍራቸውን አጋድመው ይፍቁታል። «በጣት ቆንጥጠህ አትንቀለው፤ መርዙን ትጨምቀዋለህ» አሉኝ። እንዲህ እያስተማሩኝ አስመለሳቸው።

«አባቴ፣ የእርስዎንም ልንቀልልዎት» አልኳቸው። እርስዎ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው።

ትንፋሻቸው ማፏጨት ጀመረ። ድንጋይ ተደግፈው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ያኔ ዋሽቼሃለሁ። ንብ አልነበረበትም። ዛሬ ግን ወላሂ እውነቴን ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ለዚያች ውሸቴ አውፍ በለኝ።»

ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን! «አውፍ» ማለቴን እንኳ አላስታውስም። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። በዚህ መሐል ከታች ከመንገዱ በኩል የአይሱዙው ጥሩምባ ተሰማ፤ ሾፌሩ እየጠራኝ ነው። በአንድ እግሬ ተነሳሁ።

አባ ኦሊ መነሳቴን ሲሰሙ ሰው ልጠራላቸው መሰላቸው። «አዎ ልጄ፣ ሂድ። ፊሽካውን ውሰድ፣ ይሰሙሃል» አሉና ከአንገታቸው ፈትተው ሰጡኝ።

አሁን የምነግራችሁን ለፖሊስም ለዳኛም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝ አልነበረማ። ፊሽካውን በእጄ ጨብጬ ወደ ጥሩምባው አነከስኩ። አልነፋሁትም። ከነፋሁት ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ዛፉን ያያል፤ እኔም እያዛለሁ። መኪናው ጋ ከደረስኩ ግን ያሲን ያን ቀን ከጅማ አልወጣም ማለት ነው። ይህን እያሰላሁ እግሬን እየጎተትኩ፣ ቅርንጫፍ እየያዝኩ ሄድኩ። ሁለተኛ ጥሩምባ ተነፋ። ሦስተኛ ተነፋ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳና ድምፁ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። ረሺድና ሾፌሩ ጥለውኝ ሄዱ። ፊሽካውን ወደ አፌ ያደረስኩት ያን ጊዜ ነው። መኪናው ባይሄድ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ጥሩውን መልስ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን አላውቅም። ምናልባት ግማሽ ሰዓት ነው የባከነው፤ ያ ግማሽ ሰዓት የአንድ ሰው ሕይወት ይሁን አይሁን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ነፋሁ። ሳምባዬ እስኪቃጠል ነፋሁ። ማንም አልመጣም። ከማዶ፣ ቡና ውስጥ፣ የሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ፊሽካው ሲነፋ ጸጥ አለ፣ ከዚያ እየሸሸ የሚሄድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አባ ኦሊ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ጫካ ሲነፉ የኖሩት ይህን ፊሽካ ነው፤ የጠሩት ሰው ሁሉ ሸሽቷቸዋል።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። ባለቤታቸው ዙልፋ ናት። ሊጥ በእጇ ላይ ደርቋል።

«ማነህ አንተ? ይኼን ፊሽካ ከየት አመጣኸው?»

«እርሳቸው ናቸው የሰጡኝ።»

«የሱ አነፋፍ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። የት ነው ያለው?»

ወደ ወንዙ እያመለከትኩ «ንብ ነደፋቸው» አልኩ። እሷ ሳትጠይቀኝ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ከአፌ ወጣ፦ «እኔ ማር ልገዛ የመጣሁ ነኝ።»

ዙልፋ ባሏን አይታ አላለቀሰችም። ወደ ኮረብታው ዞራ እሪታዋን አቀለጠችው። የሴት እሪታ ሲሰሙ ወንዶቹ መጡ፤ ፊሽካውን ሰምተው ያልመጡት እነዚያው ሰዎች። ሁለት አጣና በጋቢው አስረው ቃሬዛ ሠሩ። እኔንም አንድ ሰው ደግፎኝ ወረድን። መንገዱ ያዳልጣል፣ ተሸካሚዎቹ ይቀያየራሉ፣ ዙልፋ የባሏን እጅ ይዛ ከጎን ትሮጣለች። መንገዱ ሊታየን ጥቂት ሲቀረው ትንፋሽ ለማግኘት ቡና ሥር አሳረፏቸው። መልሰው ሊያነሷቸው ሲሉ ዙልፋ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ተዉት» አለች። «አበቃ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሰዎቹ አንድ ላይ። ከሩቅ የዓርብ አዛን ይሰማ ነበር።

የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ ሊቀበሩ ሆነ። አስከሬኑን የሚያጥቡት ሽማግሌ ብዙ ቆዩ። እሾሁን አንድ በአንድ ሲለቅሙ ነው አሉ። እኔ ግቢው ውስጥ የተጎዳ እግሬን በጨርቅ ታስሬ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ እየመጣ ያመሰግነኛል! «ጀዛከላህ፣ አንተ ባትኖር አስከሬኑም አይገኝም ነበር» ይሉኛል። አንዷ ሴት ወተት አምጥታ በእጇ አጠጣችኝ። ያ ወተት እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም።

በኋላ መቃብሩ ላይ የሚረበረብ እንጨት ጉዳይ ተነሳ። አንድ ሰው «ያ ቀረሮ ወድቆ የለ? ከሱው ሳንቃ እናውጣ፤ ለገዛ ቀብሩ ነው» አለ። ብዙዎቹ ተስማሙ።

ዙልፋ ከቤት ወጣች። «ከዚያ ጫካ ማገዶ አስለቅሞኝ አያውቅም» አለች። «ባሕር ዛፍ በጓሮዬ ተክሎ ‹ያንቺ ይኼ ነው› ብሎኛል። ለሱ ቀብርም ከዚያ ጫካ ቅጠል አላስነካም። ከጓሮዬ ቁረጡ።»

«አናጢ ነኝ» አልኩ። ማር ገዢ መሆኔን ረስቼ ነው፤ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም። በአንድ እግሬ ቆሜ የአባ ኦሊን ባሕር ዛፍ በእጅ መጋዝ ሰነጠቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

ጀናዛው ፊታችን ተቀመጠና ተሰለፍን። ከመስገዳችን በፊት ሼሁ እንደ ወጉ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ጀመዓ! በአባ ኦሊ ላይ ሐቅ ያለው፣ የበደሉትም ካለ አሁን ይናገር። የሌለውም አውፍ ይበላቸው።»

«አውፍ ብለናል» አለ ሕዝቡ። ወንድማቸው አለ። ለሠርግ ያልጠሯቸው ዘመዶች አሉ። ላማቸውን የቆረጠውም በመሐላችን ሳይኖር አይቀርም፣ እሱም ብሏል። ይቅርታ አድራጊዎቹ እኛ ሆነን አረፍነው! ይህን ሳስብ ራሴን መግዛት አቃተኝ። እያነከስኩ ከሰልፉ ወጣሁ።

«ሼህ፣ እኔ ላይ ነው የሳቸው ሐቅ ያለው» አልኩ።

«ምን አልክ ልጄ?»

«ማር ልገዛ አልመጣሁም። ዛፉን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ንብ አለበት ብለው ማሉልኝ፤ ቀጥል ያልኩት እኔ ነኝ። ጋቢያቸውን ለእኔ አልብሰው ነው የሞቱት። ፊሽካውንም ሰጥተውኝ ወዲያው አልነፋሁትም።»

ከዚያ ከኋላ ዱላ ሲነሳ አየሁ። «ጀናዛ ፊት ነው የቆማችሁት!» ብለው ሼሁ ጮኹ። እኔ ወደ ዙልፋ ነበር የማየው። ሴቶቹ በቆሙበት በኩል አጥሩን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁም፤ የነበረው ድካም ብቻ ነው። ሰገድንላቸው። እኔም ሰገድኩ፣ የከለከለኝ የለም። ቀብሩ እንዳለቀ ፖሊስ ወሰደኝ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታሰርኩ። ረሺድም ኋላ ተይዞ ተፈርዶበታል። ቁርጭምጭሚቴ ተጣሞ ስለገጠመ እስከ ዛሬ አነክሳለሁ። ከእስር ወጥቼ ሱቄን ስከፍት ከባሕር ዛፍና ከግራቪሊያ ሌላ አልሠራም አልኩ። ደንበኛ ሸሸኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ የቀረሮን ውበት እኔ ራሴ ነኝ ያስለመድኳቸው። ያ ሠርግ ምን ዓይነት አልጋ እንደተሠራለት አላውቅም። ግንዱ ግን እስከ ዛሬ የወደቀበት አለ።

ወደ ዙልፋ ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ስሄድ ቤቷ የለችም። ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከጫካው በኩል ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም ተነፋ። ፀጉሬ ቆመ። ከአባ ኦሊ በኋላ ቦታው ሰው ሳይቀጠርበት ቆይቶ ኖሯል፤ እሷ ማንም ሳይቀጥራት በየቀኑ ዳር ዳሩን ትዞራለች። ከጎኔ የነበረ አንድ ገበሬ ፊሽካውን ሲሰማ መንገድ ቀየረ። እኔ እያነከስኩ ወደ ፊሽካው ሄድኩ።

አገኘኋት። ከፊቷ ቆሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«አውፍ ልትለምነኝ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እህቴ።»

«አላልኩህም። ማለትም አልችልም። እሱ ብሎህ ከሆነ ከሱ ጋር ጨርስ።» ፊሽካውን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «ግን ይኼን ስነፋ ማንም አይመጣም። አንተ ና።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የጫካ ጠባቂ ሰውን ከእንጨት የሚያሳንስ ደረቅ ፍጡር የሚመስላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ፊሽካ ስትሰሙ አትሽሹ። ምናልባት የሚነፋው ሰው የሚጠራችሁ ሊይዛችሁ ላይሆን ይችላል።

እኔ ዓርብ ዓርብ ሱቄን ዘግቼ፣ እንደ አባ ኦሊ ቀፎ ጎንጉኜ ወደ ጫካው እሄዳለሁ። ዙልፋ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን እንጂ ሌላ ነገር አትመልስልኝም። የጎነጎንኩትን ቀፎ ተቀብላ ታየዋለች፣ ያልጠበቀውን ጫፍ ታጠብቀዋለች፣ ከዚያ የሚሰቀልበትን ዛፍ በባሏ ከዘራ ታሳየኛለች። አንዳንዱ ንብ ይገባበታል፣ አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳይገባበት ይቀራል። ሰዎች ከሥሩ ቆመው ባዶ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ንብ አለበት እላቸዋለሁ።